ቪዲዮ የሚያጫውተውን ላይብረሪ ስለ መምረጥ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን አምስት ተማሪዎች ባንድ አሮጌ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን የተቀዳ የሌክቸር ቪዲዮ እንመለከት ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የማሽኑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኽ ጀመር፤ የመምህሩ ከንፈር አንድ ነገር ሲናገር ድምፁ ሌላውን ይናገራል፤ ባትሪውም ከግማሽ በታች ወረደ። ከመካከላችን አንዱ ያንኑ ፋይል በዚያው ማሽን ላይ በሌላ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፈተው። ማራገቢያው ጸጥ አለ፤ ከንፈርና ድምፅም ታረቁ። «ፋይሉ አንድ፣ ማሽኑም አንድ፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ቆየ፣ ያን ጊዜ በየፊናው የተባለውን አሰባስቤና ጥቂት ጨምሬበት በዚህ ገጽ ለጓደኞቼ ማቅረብ መልካም መስሎ ታየኝ።

ለጥያቄው ባጭሩ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ቪዲዮውን የሚያጫውተው በዓይናችን የምናየው ፕሮግራም አይደለም። መስኮቱንና ቁልፎቹን የያዘው ፕሮግራም አዛዥ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ያለው ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ ማለት አንድን ሥራ ጠንቅቆ እንዲሠራ የተጻፈ፣ ብዙ ፕሮግራሞችም በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ክምችት ነው። ስለዚህ ያን ማታ የለወጥነው ማጫወቻውን ብቻ ቢመስለንም በእውነቱ የለወጥነው ላይብረሪውን ነበር።

አንድ ተማሪ ማጫወቻ ሲመርጥ ካልተስማማው ነገ ይለውጠዋል፤ የሚጎዳውም እሱ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ሲመርጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዴስክቶፕ የምንለው መስኮቶቹን፣ ሜኑውን፣ የፋይል መመልከቻውን፣ ማስተካከያዎቹን ሁሉ ባንድነት የያዘውን የሥራ ገበታ ነው። በሊኑክስ ላይ ኮዳቸው ለማንም ክፍት ሆኖ ከሚሠሩት መካከል ታላላቆቹ በ1996 የተጀመረው ኬዲኢና በ1997 የተጀመረው ግኖም ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለ ዴስክቶፕ አንድ ላይብረሪ ሲመርጥ በላዩ ለሚጻፉት ፕሮግራሞች ሁሉ፣ ያውም ለብዙ ዓመታት መምረጡ ነው። ስለዚህ ጕዳዩ የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ የጋራ ንብረትን በምን ላይ እንደምንመሠርት የሚጠይቅ ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

ምርጫውን ለመመዘን አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። የቪዲዮ ፋይል እንደ ስልቻ ነው፤ በውስጡ ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ አንዳንድ ጊዜም የግርጌ ጽሑፉ ተቀላቅለው ይገኛሉ። የላይብረሪው የመጀመሪያ ሥራ ስልቻውን ፈትቶ እያንዳንዱን ለየብቻ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ሥራ የተጨመቀውን ሥዕልና ድምፅ መዘርጋት ነው። ሦስተኛው ሁለቱን በሰዓት ማስተካከል ነው። አራተኛው ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ ማኖር፣ ድምፁንም ለድምፅ ማጉያው ማድረስ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ከባዱ ሁለተኛው ነው። አንድ 1920 በ1080 የሆነ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። በተለመደው አቀማመጥ ለያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ አንድ ባይት ተኩል ስለሚያስፈልግ፣ አንዱ ሥዕል 3,110,400 ባይት ይሆናል። በሴኮንድ 25 ሥዕል ሲታይ በያንዳንዱ ሴኮንድ 77,760,000 ባይት ይደርሳል ማለት ነው። ፋይሉ ግን በሴኮንድ 500,000 ባይት ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ይኸውም ከ150 ጊዜ በላይ ተጨምቋል ማለት ነው። ያን የተጨመቀውን መዘርጋት ለዋናው ፕሮሰሰር አድካሚ ስለ ሆነ፣ የዛሬ ማሽኖች በግራፊክስ ቺፑ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተበጀ ክፍል አላቸው። ላይብረሪው ይህን ክፍል ማዘዝ ካወቀበት ፕሮሰሰሩ ያርፋል፤ ካላወቀበት ግን ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲለፋ ማሽኑ ይግላል።

ደግሞ ማወቅ ብቻ አይበቃም። በግራፊክስ ቺፑ የተዘረጋውን ሥዕል ወደ ዋናው ሜሞሪ መልሶ፣ ለያንዳንዱ ነጥብ አራት ባይት ወደሚፈጀው ቀለም ለውጦ፣ እንደገና ወደ ቺፑ የሚልክ ላይብረሪ አለ። እንዲህ ሲሆን በሴኮንድ 207,360,000 ባይት በከንቱ ይመላለሳል፤ ውኃ ከወንዝ ቀድቶ ቤት አድርሶ መልሶ ወንዝ እንደ መድፋት ነው። የኛ ላፕቶፕ ማራገቢያ የጮኸውም ከነዚህ ከሁለቱ ባንዱ ምክንያት መሆኑን ልብ ይሏል።

የሰዓቱም ነገር ቀላል አይደለም። በሴኮንድ 25 ሥዕል ሲታይ እያንዳንዱ ሥዕል የሚቆየው 40 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቆራረጥ ወዲያው ያውቃል፤ ዓይን ግን አንድ ሥዕል ቢዘለል ብዙ አይታወቀውም። ስለዚህ ጥሩ ላይብረሪ ድምፁን ዳኛ አድርጎ ሥዕሉን በሱ ይመራል፤ ሥዕሉ ከዘገየ ይዘልላል፣ ከቀደመም ያስቆየዋል። ይህን የማያደርገው ላይብረሪ ነው መምህሩን በሌላ ሰው አፍ የሚያናግረው።

ለምርጫ የሚቀርቡት

የመጀመሪያው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። በ2000 በፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ የተጨመቀን ሥዕልና ድምፅ በመዘርጋት ረገድ አቻ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሦስቱም በሙሉ ወይም በከፊል የሱን ኮድ ይጠቀማሉ። ነገር ግን ኤፍኤፍኤምፔግ በጥሬው ሲወሰድ መስኮት የለውም፤ ሰዓት ጠባቂም አይደለም። እሱን ብቻ ይዞ ማጫወቻ የሚሠራ ሰው የቀረውን ሁሉ ራሱ ሊጽፍ ነው።

ሁለተኛው በ1999 የተጀመረው ጂስትሪመር ነው። የሱ ሐሳብ የቧንቧ ሐሳብ ነው፤ አንዱ ቍራጭ ስልቻውን ይፈታል፣ ሁለተኛው ሥዕሉን ይዘረጋል፣ ሦስተኛው ቀለሙን ይለውጣል፣ አራተኛው ያሳያል። ቍራጮቹን እንደ ፈለጉ መቀጣጠል ስለሚቻል ለማጫወት ብቻ ሳይሆን ለመቅዳት፣ ከካሜራ ለመቀበል፣ በኔትዎርክ ለመላክም ያገለግላል። ጕድለቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ቧንቧው አንድ ቍራጭ ቢጎድለው የሚወጣው የስሕተት መልእክት ላልለመደ ሰው እንቆቅልሽ ነው።

ሦስተኛው የቪኤልሲ ላይብረሪ ነው። ታሪኩ እኛን ተማሪዎችን በተለይ ይመለከታል። በ1996 በፈረንሳይ የኤኮል ሳንትራል ፓሪስ ተማሪዎች የግቢያቸው ኔትዎርክ እጅግ ዘገምተኛ ሆኖባቸው አዲስ ኔትዎርክ ፈለጉ። ለአዲሱ ኔትዎርክ ማስረጃ እንዲሆን የቴሌቪዥን ሥርጭት በኔትዎርክ አማካይነት ወደ መኝታ ክፍሎች የሚያደርስ ፕሮጀክት ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ ኮዱ በ2001 በክፍት ፈቃድ ወጣ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ባለ ብርቱካን ሾጣጣ ምልክት ማጫወቻ ያ ነው። ቪኤልሲ ሁሉን በራሱ ይዞ የሚመጣ ስለ ሆነ የተበላሸና ያልተሟላ ፋይል እንኳ ሲሰጡት በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

አራተኛው ኤምፒቪ ነው። በ2000 ከተጀመረው ከኤምፕሌየር የዘር ሐረግ የመጣና ከ2012 ወዲህ ለብቻው የተለየ ሲሆን፣ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ለመትከል እንዲመች ሆኖ ተሠርቷል። ትንሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ በሥዕል ጥራትም ይመሰገናል። ለማጫወት የተወለደ ስለ ሆነ ግን ለመቅዳትና ለካሜራ ሥራ የሚመረጥ አይደለም።

የሁለት ዴስክቶፖች ታሪክ

እነዚህን እርስ በርስ ከማወዳደራችን በፊት ሌሎች መርጠው ምን እንዳገኛቸው መመልከት ይጠቅማል።

ኬዲኢ በ2000 በወጣው በሁለተኛው እትሙ አርትስ የሚባለውን የድምፅ ሥርዓት መረጠ። አርትስን የጻፈው ስቴፋን ቬስተርፌልድ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። በ2002 የወጣው ሦስተኛው እትምም አርትስን ይዞ ቀጠለ። ኬዲኢ በአንድ ዋና እትም ዘመን ውስጥ ላይብረሪዎቹን እንደማይሰብር ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ቃል ይገባል፤ ይህ ቃል መልካም ነው፣ ነገር ግን እስር ቤትም ይሆናል። በ2004 መጨረሻ ቬስተርፌልድ ሥራውን ተወ። ያን ጊዜ ኬዲኢ የሚንከባከበው ሰው በሌለው ኮድ ላይ ታስሮ ቀረ፤ እስከ 2008 ድረስም አብሮት ኖረ። ሰውየውን ልንወቅሰው አይገባም፤ በነጻ የሰጠ ሰው በነጻ የመተው መብት አለው። ስሕተቱ የብዙ ሰው ቤት ባንድ ምሰሶ ላይ መቆሙ ነው።

በዚህ የተማረው ኬዲኢ በጥር 2008 በወጣው በአራተኛው እትሙ ሌላ መንገድ ያዘ። ማቲያስ ክሬትስ የጀመረው ፎኖን ራሱ ቪዲዮ አይዘረጋም፤ ከፕሮግራሙ ትእዛዝ ተቀብሎ ከበስተ ኋላው ላለው ላይብረሪ የሚያስተላልፍ አስተርጓሚ ነው። ከበስተ ኋላ ያለው በመጀመሪያ ክሲን የሚባለው ላይብረሪ ነበር፤ ኋላም ጂስትሪመርና ቪኤልሲ ገቡ። ክሲን ሲቀር በላዩ የነበሩት ፕሮግራሞች እንደገና መጻፍ አላስፈለጋቸውም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አስተርጓሚ ዋጋ ያስከፍላል። ሦስት ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ባንድ አፍ የሚያናግር ሰው ሦስቱም የሚያውቁትን ቃል ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ አንዱ ላይብረሪ ብቻ የሚችለው ልዩ ነገር ሳይነገር ይቀራል። ደግሞም የሰው ጕልበት በአንድ ፈንታ በሦስት ተከፋፈለ። ኪዩት የሚባለው መሠረተ ላይብረሪ ፎኖንን በ2008 በ4.4 እትሙ ተቀብሎት ነበር፤ በ2012 መጨረሻ በወጣው በአምስተኛው እትም ግን ትቶት የራሱን መልቲሚድያ ክፍል ያዘ። ያም ክፍል በ2023 በወጣው በ6.5 እትም ከሥሩ ኤፍኤፍኤምፔግን ቀዳሚ አድርጎ መረጠ።

ግኖም ግን በ2003 በ2.2 እትሙ ጂስትሪመርን ያዘና አልለቀቀም። መጀመሪያ ላይ ቀላል አልነበረም፤ ላይብረሪው ገና ለጋ ስለ ነበረ ቶተም የሚባለው ማጫወቻ ከክሲን ጋርም ይሠራ ነበር። ጂስትሪመር ግን እያደር በሰለ፤ በ2005 መጨረሻ 0.10፣ በመስከረም 2012 ደግሞ 1.0 እትሙ ወጣ። ከ2012 ወዲህ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሰጠውን መገናኛ ሳይሰብር ቆይቷል። በመስከረም 2025 በግኖም 49 ቶተም ተነሥቶ ሾውታይም የሚባል አዲስ ማጫወቻ ሲተካ ከሥሩ ያለው ላይብረሪ ያው ጂስትሪመር ነው። እንግዲህ ከ22 ዓመት በኋላ ማጫወቻው ሲለወጥ መሠረቱ አልተነቃነቀም። ጥሩ ምርጫ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

መመዘኛዎቹ

ከነዚህ ታሪኮች የምንረዳው ፍጥነት ብቻውን መመዘኛ እንዳይደለ ነው። ፍጥነት በየዓመቱ ይሻሻላል፤ ከዚህ በታች ያሉት ግን በቀላሉ የሚለወጡ አይደሉም።

አንደኛው ፈቃዱ ነው። ክፍት የሆኑ ፈቃዶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ጂፒኤል የሚባለው ላይብረሪውን አብሮ የሚያሠራጭ ፕሮግራም ሁሉ ኮዱን በዚያው ፈቃድ እንዲከፍት ይጠይቃል። ኤልጂፒኤል የሚባለው ግን በላይብረሪው ላይ የተደረገው ለውጥ እንዲከፈት ይጠይቅና የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ነጻ ይተወዋል። ለሁሉም መሠረት ሊሆን ለታሰበ ዴስክቶፕ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ጂስትሪመር ከመጀመሪያው ኤልጂፒኤል ነው። የቪኤልሲ ሰዎች ግን የላይብረሪያቸውን ልብ ከጂፒኤል ወደ ኤልጂፒኤል ለማዛወር በ2011 ኮድ ያዋጣውን ሰው ሁሉ እየፈለጉ ፈቃድ መለመን ነበረባቸው። በመጀመሪያ ቀን ያልታሰበበት ፈቃድ ኋላ ስንት ልፋት እንደሚያስከትል ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው የፓተንት ጕዳይ ነው። ኮዱ ነጻ ቢሆንም የመጨመቂያው ዘዴ በፓተንት የተያዘ ሊሆን ይችላል። የኤምፒ3 ፈቃድ መሸጥ የቆመው በ2017 ነው። ጂስትሪመር ቍራጮቹን «መልካሞቹ»፣ «መጥፎዎቹ»ና «አስቀያሚዎቹ» ብሎ በሦስት ጥቅል የከፈለው፣ ከአንድ የታወቀ የ1966 የካውቦይ ፊልም ስም ተውሶ ነው። መልካሞቹ በኮድም በፈቃድም እንከን የሌላቸው ናቸው፤ አስቀያሚዎቹ ኮዳቸው ደኅና ሆኖ ሲሠራጩ ችግር ሊያመጡ የሚችሉ ናቸው፤ መጥፎዎቹ ገና ያልበሰሉና በሚገባ ያልተመረመሩ ናቸው። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ አሠራጭ ሕግ የሚከለክለውን ጥቅል ትቶ የቀረውን እንዲወስድ ያስችለዋል። በ2018 የወጣው ኤቪ 1 የተሰኘው መጨመቂያ ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ታስቦ መዘጋጀቱም ይህን ሸክም ለማቃለል ነው።

ሦስተኛው ደኅንነት ነው። ቪዲዮ የሚዘረጋ ኮድ ከማያውቀው ሰው የመጣ ፋይል ያነባል። ይባስ ብሎ የፋይል መመልከቻው ትንሽ ሥዕል ለማውጣት ተጠቃሚው ፋይሉን ሳይከፍት እንኳ ላይብረሪውን ይጠራል። በ2016 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በአሮጌ የሊኑክስ እትም ላይ በጂስትሪመር አንድ ቍራጭ ቀዳዳ በኩል፣ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር በመክፈት ብቻ የሌላ ሰው ኮድ በማሽኑ ላይ እንዲሠራ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ግኖምም በ2017 በ3.26 እትሙ ይህን ሥዕል የማውጣት ሥራ ከሌላው ማሽን በታጠረ ክፍል ውስጥ እንዲካሄድ አደረገ። ከዚህ የምንማረው የትኛውም ላይብረሪ ቀዳዳ እንደማያጣና፣ የሚመርጠው ሰው አጥሩንም አብሮ ማሰብ እንደሚገባው ነው።

አራተኛው እኛን በቅርብ የሚነካን የግርጌ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። ቀላሉ የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ግን በምን አጻጻፍ እንደ ተጻፈ በውስጡ አይናገርም። ላይብረሪው የላቲን ነው ብሎ የገመተ እንደ ሆነ «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ትርጕም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። አጻጻፉን ቢያውቅም እንኳ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ላይብረሪው ሌላ ፎንት ፈልጎ መተካት አለበት፤ አለዚያ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። እንደ ጥንቱ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ የሚለይ ጽሑፍ ሲመጣም መስመሩን ከሁለት ነጥብ በኋላ መስበር ማወቅ አለበት፤ ባዶ ቦታ ብቻ የሚፈልግ ላይብረሪ ጽሑፉን ከስክሪኑ ያስወጣዋል። ስለዚህ ማንም ላይብረሪ ጥሩ ነው ሲሉን በመጀመሪያ አንድ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ሰጥተን እንፈትነው።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

የኔ አሳብ እንደሚከተለው ነው። ለሙሉ ዴስክቶፕ የሚሆን መሠረት ለሚሻ ቡድን ጂስትሪመር ይሻላል፤ ፈቃዱ የሚስማማ፣ መገናኛው ከ2012 ወዲህ የጸና፣ ለማጫወትም ለመቅዳትም የሚሆን ስለ ሆነ ነው። አንድ ማጫወቻ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ያን ሁሉ ቧንቧ መሸከም አያስፈልገውም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል። እንዲህ ላለው ኤምፒቪ ወይም ቪኤልሲ ይበቃዋል። በኪዩት ላይ የሚሠራ ቡድን ደግሞ ከመሠረቱ ጋር የሚመጣውን መልቲሚድያ ክፍል አስቀድሞ ይሞክር። ፎኖንን የመሰለ አስተርጓሚ አዲስ መጻፍ ግን፣ ተተኪ ሊሆን የሚችል ሁለተኛ ላይብረሪ በእርግጥ ከሌለ በቀር፣ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ይልቁንስ ላይብረሪውን የሚጠራውን ኮድ በፕሮግራሙ ውስጥ ባንድ ቦታ ሰብስቦ ማኖር ይበቃል፤ የመለወጥ ቀን ሲመጣ የሚለወጠው ያ አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

ይህን አሳብ የማይቀበል ጓደኛ እንደሚኖር አውቃለሁ። ያን ማታም ከመካከላችን አንዱ «የሚሠራውን ወስዶ መጠቀም እንጂ ማን እንደሚንከባከበው እኔን ምን አገባኝ?» ብሎ ነበር። መልሱ በአርትስ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት መጀመሪያ የምናየው ሰዎቹን ይሁን፤ ባለፈው ዓመት ኮድ ያዋጡት አንድ ሰው ናቸው ወይስ ብዙ? የመጨረሻው እትም መቼ ወጣ? ለቀረበ አቤቱታ መልስ ይሰጣል ወይ?

ከኛስ ምን ይጠበቃል? የፓሪሶቹ ተማሪዎች ከኛ የሚለዩት ኔትዎርኩ ዘገምተኛ ነው ብለው በማማረር ስላልቆሙ ነው። እኛም ነገ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ሣጥን ሆኖ ሲወጣ ከመሳቅ ይልቅ ፋይሉን ከስሕተቱ መግለጫ ጋር ለላይብረሪው ሠራተኞች ልንልክ እንችላለን። ይህን ለማድረግ ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አያስፈልግም፤ ፊደላችንን ማንበብ ማወቅ ብቻ ይበቃል። ይህንንም ስሕተቱን በየቀኑ ከሚያየው ከኛ ሌላ ማንም በፍጥነት ሊያደርገው አይችልም።